የሕዝብ የተባለው ዘፈኔ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳምራዊት ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ ጓደኛህ አልበም አወጣ እኮ!» አለችኝ። ፍስሐ ማለቷ ነው። የቁስቋሙ ፍስሐ፤ ዛሬ ሬዲዮው ሁሉ የብሉዝ ሰው እያለ የሚያሞካሸው። ብሉዝ የሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ እሱ እንደሚለው የትዝታ የአጎት ልጅ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ካፖርት የለበሰ ትዝታ ነው። ግን ይሁንለት። አልበሙ ዐሥር ዘፈን አለው፤ አምስቱ የድሮ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው፣ በጊታር እንደገና ተጫውቷቸዋል፤ አምስቱ የራሱ ድርሰቶች።

እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ እያለኝ፣ እንደ ጎረምሳ ቀናሁ። ልጄ ግን አልተወችኝም። «የራሱ ዘፈኖች ደህና ናቸው። ይሄ አራተኛው ግን ይለያል፤ ስማው» ብላ ከፈተችልኝ። ገና ጊታሩ ሲጀምር የያዝኩት ሻይ ፈሰሰብኝ። ዘፈኑን አውቀዋለሁ። ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል። ሕዝቡ እኔ ነኝ።

ወጣት ሳለን እኔና ፍስሐ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርን። እኔ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ፣ ክራር እጫወታለሁ፤ እሱ ከዘመዱ ያገኛትን ጊታር ይዞ ከቁስቋም ይወርዳል። የጊታሯ ስድስተኛ ክር ከተበጠሰ ቆይቷል፣ ለእሱ ግን አምስቱም ይበቁት ነበር። የምንለማመደው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ክረምት ሲሆን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ከበሮ እንኳ አይሰማም፤ ያኔ በሩ ላይ ተኮልኩለን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እስኪያባራ እንጠብቃለን። ከእንጦጦ የሚወርደው የርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ከበቆሎው ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬም በቆሎ ስበላ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ቡድኑ አንድ ደንብ ነበረው። አዲስ ዘፈን የሠራ ሰው ከዘፈነ በኋላ መሐል ወንበር ላይ ይቀመጥና ይገመገማል። ዘመኑ የግምገማ ነበር፤ ወጥ ቢያርም ስብሰባ ይጠራ ነበር። የሕዝብ ዘፈን ያመጣ ግን አይገመገምም። ሕዝብን ማን ደፍሮ ይገመግማል?

ፍስሐ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር የሚከተለው ጭብጨባ ነው። እኔ የተቀመጥሁት አንዴ ብቻ ነው። ያን ቀን ፍስሐ እጁን አውጥቶ፣ «ለመሆኑ ጓድ ጴጥሮስ ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀልዱን ነው፣ ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር በቅናት እበግን ጀመር። ክር ሲበጠስበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

በዚያው ክረምት ሌላ ዘፈን ሠራሁ። አባቴ ሲሸምን መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ እያለ የሚያሰማውን ምት ተከትዬ ነው የሠራሁት።

ድሩ ተዘርግቶ ማጉ ሲመላለስ፣
አንቺን እጠብቃለሁ ሸማው እስኪጨረስ።

«አንቺ» ያልኳት ማን እንደሆነች አልናገርም፤ ባለቤቴ ማንበብ ትችላለች። ቅዳሜ ደረሰና ክራሬን ይዤ ተነሣሁ። ወንበሩን አየሁት። ፍስሐን አየሁት። ከአፌ የወጣው፣ «ይሄ የኔ አይደለም፤ አያቴ ሸማ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት የድሮ ዘፈን ነው» የሚል ሆነ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንኳን ሊያንጎራጉሩ ሌላው ሲዘፍን ይቆጡ ነበር።

ስጨርስ ፍስሐ ተነሥቶ አጠገቤ መጣና፣ «እስቲ ድገመው» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቻችን ዞሮ፣ «አያችሁ? የኛ ዘመን ሰው ሞቶ ቢነሣ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» አላቸው። በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም፤ እሱንም ለአያቴ አስረከብሁት። በዚያ ጭቃ ወደ ቤቴ ስወርድ በሞቱት አያቴ እቀና ነበር።

ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ውሸታም እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት የኔ መሆኑን ሲያውቅ ዘፈኑ እንዳይረክስበት ነበር። እንዲህ እያልሁ ዐርባ ዓመት አለፈ። እኔ ክራሬን ሰቅዬ ሸማ ንግድ ገባሁ፤ እሱ በጊታሩ ገፋበት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘፈኑን አሰምታኝ ስትሄድ ለፍስሐ ደወልሁለት። ስለ አልበሙ እንኳን ደስ ያለህ አልሁትና፣ «ፍስሐ፣ አራተኛው ዘፈን የአያቴ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁት።

ወዲያ ማዶ ጊታሩን ሲያስቀምጥ ተሰማኝ። 

«እ... ማለቴ፣ ያኔ? በዚያ ዕድሜ?»

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«ዋሽተኸኝ ነው በለኛ!» አለኝ። «ስማ ጴጥሮስ፣ በእግዜር ስም አልዋሽህም። የአንተ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንድ ቀን አልዘፍነውም ነበር። በቃ፣ አልችልማ።»

ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስታው ፊቴን አሞቀው። ያ ሁሉ ጭብጨባ የነበረው ሰው በእኔ የሚቀናበት ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስሜን እንደሚያስገባልኝ ቃል ገባ፤ ቃሉን እንደሚጠብቅም አውቃለሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ዘፈኑን እንደገና ከፈትሁት። እኔ ከምቱ ጋር እየተጣደፍሁ የማልፋትን «እስኪጨረስ» የምትለዋን ቃል እሱ ያዘገያታል፤ እዚያች ላይ ሲደርስ ሰውየው ሴትዮዋ እንደማትመጣ የሚያውቅ ይመስላል። ይህን ግጥም ስጽፍ እኔ አላወቅሁም ነበር። ስሜ ይጻፋል፣ ዘፈኑም የኔ ይባላል። ምን እንደሚል የገባው ግን ፍስሐ ነው፤ በዚህም እየቀናሁበት ነው።