ፎጣ ሥር የቀረው «ግን»

ሰፈሩ ሁሉ «አስተኚው» ይለዋል። ማደንዘዣ የሚወጋ ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ላይ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ሙቅ ፎጣውን የደንበኛው ፊት ላይ አልብሶ አረፋውን በብሩሽ አገጩ ላይ ማዞር ሲጀምር እንቅልፍ የማይጥለው ደንበኛ የለም። ተቆጥቶ የገባውም ይተኛል፣ «ቶሎ በልልኝ፣ ቸኩያለሁ» ያለውም ይተኛል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ በስልክ እየተከራከረ አንቀላፋ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ሲጮህ አስተኚው ስልኩን ከነጋዴው እጅ ቀስ ብሎ ወሰደና «ተኝተዋል፤ ሲነሡ ይደውላሉ» ብሎ ዘጋው። ነጋዴው ሲነቃ ንዴቱም ጠፍቶለት ነበር፣ የሚከራከርበት ጉዳይም ጠፍቶበት ነበር።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር አለው፤ አንደኛው የሚሠራበት፣ ሁለተኛው ስፖንጁ አፈትልኮ የወጣ፣ ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት። ፎጣዎቹ ጥግ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ በተጣደ ድስት ይሞቃሉ። መመለጥ የጀመረ ደንበኛ መስታወቱን አይቶ «ይሄ መቼ መጣብኝ?» ሲል አስተኚው «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይለዋል። ቀልዷን ሰፈሩ በቃሉ ይዟታል፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃል።

መስታወቱ ጠርዝ ላይ የታላቅ ወንድሙ ፎቶግራፍ ተሰክቷል። ሙያውን ያስተማረው ወንድሙ ነው። «ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን ከሰጠህ፣ ከዚህ በላይ ምን እንዲሰጥህ ትፈልጋለህ?» ይለው ነበር። አስተኚው ይህችን ቃል እንደ መሐላ ያዛት። ለዚህ ነው ደንበኛ ሲያንኮራፋ ፊቱ የሚበራው። ዘፋኝ ጭብጨባ እንደሚወደው እሱ ማንኮራፋት ይወዳል።

ወንድሙ ካቻምና በልብ ሕመም ድንገት ሞተ። ከዚያ ወዲህ አስተኚው ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ በግራ ጎኑ ተኝቶ ቢደነዝዘው፣ «መጣ!» ነው የሚለው። ሐኪም ዘንድ ግን አይሄድም። የሚነግሩትን ፈራ። ፈሪ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ የተቀመጠውን ደንበኛ ሁሉ «ለልብ ምን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

አንድ ቀን ተራው የአንድ የስፖርት አሠልጣኝ ሆነ። በር የሚሞላ ወጣት ነው፤ እጁ ላይ የኃይል ሰጪ መጠጥ ጣሳ ነበረ።

«ይኸውልዎት ጋሼ» አለ ጣሳውን ከፍ አድርጎ፣ «እዚህ ውስጥ ታውሪን የሚባል ነገር አለ። አሚኖ አሲድ ነው። የሁላችንም ልብ ውስጥ ሞልቷል። ለልብ ጥሩ ነው፣ ለደም ግፊትም ይረዳል ይባላል። ግን—»

በዚህች ሰዓት ፎጣው ደረሰ። ሙቅ ፎጣ ደግሞ ወሬ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ይበርዳል። አስተኚው የዕድሜ ልክ ልማዱ ሆኖበት ፎጣውን ከግንባር እስከ አገጭ አለበሰውና «ግን» እዚያው ታፍና ቀረች። ፎጣውን ሲያነሣ አሠልጣኙ ተኝቷል። ሲነቃም ስለ ምን ያወራ እንደነበር ረስቶ፣ አመስግኖ ሄደ። በሳምንቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ወራት ከረመ።

አስተኚው ግን መድኃኒቱን አገኘ። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰውነቱ እንደ ላባ ቀለለው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ልትወዳደር ነው እንዴ?» አለችው።

«ለልቤ ነው። የተማረ ሰው ነው የነገረኝ።»

ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍ ራቀው። አገር የሚያስተኛው ሰው አልጋው ላይ ጣሪያ ሲቆጥር ማደር ያዘ። ልቡ ደረቱን እየደበደበ ሲመጣ፣ የወንድሙ በሽታ ደረሰብኝ ብሎ ደነገጠና አንድ ጣሳ ጨመረበት። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ! እሱ ደግሞ እስኪደርስ አልጠበቀም፣ ሄዶ ጠራው።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጋዴውን ጆሮው ሥር ጫር አደረገው። ነገሩ ትንሽ ነበር፤ የደንበኞቹ ዓይን ግን መከደን ተወ። በመስታወቱ ውስጥ ምላጩን እየተከተሉ ይቀመጣሉ። «አረጀ መሰለኝ» ተባባሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ ይህን አልሰማም። ማንኮራፋት መጥፋቱን ግን ሰምቷል። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ቢያውቅም አይወድም። ምላጩን ማስቀመጥ ማለት ወንድሙን ሁለተኛ መቅበር መሰለው።

ጡረታ የወጡት ሾፌር በየቅዳሜው ይመጣሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል፤ በሳምንት አንዴ ደህና አድርገው የሚተኙት በዚህ ወንበር ላይ ብቻ ነው። አስተኚውም ይህን ያውቃል፣ ቅዳሜን በስስት ነው የሚጠብቃት። አንድ ቅዳሜ ጺማቸውን በአረፋ አለዘበ፣ ቀኝ ጉንጫቸውን ላጨ፣ ወደ ግራው ዞረ። ሽማግሌው ጭልጥ ብለዋል። ምላጩ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ እጁ እንደ ቅጠል ራደ። አንሥቶ ጠበቀ፣ እንደገና አስጠጋ፣ እንደገና ራደ። ምላጩን አወረደ።

«ጋሼ» አለ ቀስቅሷቸው፣ «ምላጩ ደንዟል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው እጁን አዩት።

«ምላጩ አይደለም ልጄ። እኔም መሪ የለቀቅሁት እጄ ሲንቀጠቀጥብኝ ነው፣ አውቀዋለሁ» አሉና አረፋውን በራሳቸው እጅ ጠርገው ተነሡ። «ይሄኛው ጉንጭ ይቆይ። ሲሻልህ ትጨርሰዋለህ።»

«ኧረ ጋሼ! እንዲህ ሆነው ሊወጡ? ማዶ ያለው ፀጉር ቤት—»

«የጀመረው ሰው ይጨርሰዋል» ብለው ወጡ።

እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፣ እኚያ የተከበሩ ሽማግሌ አንድ ጉንጭ ተላጭተው፣ አንድ ጉንጭ አጎፍረው ሰፈሩን ዞሩ። ዳቦ ገዙ፣ ሰላምታ ሰጡ። ለጠየቃቸው ሁሉ «የጀመረው ይጨርሰዋል» ነው መልሳቸው። በማግስቱ ከአስተኚው ሚስት ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ሴትዮዋ አንዱን ጉንጭ አየች፣ ሌላውን አየች፣ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ባሏን ሽርጡን ሳታስፈታው ክንዱን ይዛ ጎረቤት ካለችው ፋርማሲስት ፊት አቆመችው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ተናገር!»

ተናገረ። ፋርማሲስቷ እየሰማች ግፊቱን ለካችው፤ ከፍ ብሏል።

«ጋሼ፣ ታውሪኑን አልሰድበውም» አለች። «ሰውነትዎ ራሱ ይሠራዋል፣ ሥጋና ዓሣ ውስጥም አለ። ግፊት በትንሹ ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ገና በቂ ግን አይደሉም። ጤነኛ ሰው በልኩ ቢወስደው እምብዛም አይጎዳውም። ግን ጣሳው ውስጥ ብቻውን አይደለም። ካፌይን አለ፣ ስኳር አለ። እጅዎን የሚያንቀጠቅጠው፣ እንቅልፍ የነሣዎት፣ ልብዎን የሚያስሮጠው በተለይ ካፌይኑ ነው። ግፊት ላለበት፣ ልቡን ለሚያመው፣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ታውሪኑንም ቢሆን ሐኪም ሳይጠይቁ አይሆንም።»

«አየህ!» አለች ሚስቱ። «አንድ ጨዋ እንግዳ እጋብዛለሁ ብለህ ሁለት ዱርዬ አስገባህ።»

ሐኪም ዘንድ በዚያው ወሰደችው። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ በማሽንም አይተው፣ የወንድሙ ሕመም እንደሌለበትና ግፊቱን ግን መከታተል እንዳለበት ነገሩት። በረንዳው ላይ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሁለት ዓመት የተሸከመው ፍርሃት ነው የወረደለት። ወንድሙም ናፍቆታል። ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች፣ እስኪወጣለት ድረስ አንድም ቀልድ አልወጣትም።

ጣሳውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ተወው። ራሱን ፈለጠው፣ በረባ ባልረባው ተነጫነጨ፤ በር ላይ «በማሽን ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ወንድሙ ሙያ ሲያስተምረው እንዳደረገው፣ ፊኛ ነፍቶ በአረፋ ቀባና ሚስቱን አስያዛት። የመጀመሪያው ፊኛ «ጧ!» ብሎ ፈነዳና አረፋው ሁሉ ፊቷ ላይ አረፈ።

«እኔን ላጨኝ እንጂ ምን አስቸገረህ!» ብላ እስክትታመም ሳቀች። የሚቀጥለው ፊኛ ሳይፈነዳ ንጹሕ ሆነ። አስተኚው ፊኛውን ከእጇ ተቀብሎ መስታወቱ ላይ፣ ከወንድሙ ፎቶግራፍ ጎን አንጠለጠለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ሽማግሌው መጡ። የቀኙ ጉንጭ እንደ ገና አቆጥቁጧል፣ የግራው ጎፍሯል። ምንም ሳይናገሩ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ አጋደሉ፣ ዓይናቸውንም ከደኑ። አስተኚው አለዘባቸውና ምላጩን ያዘ። እጁ ጸናለት። ገና ግራ ጉንጫቸውን ሳይጨርስ፣ ከናፈቀው ሁሉ አብልጦ የናፈቀው ድምፅ ከሽማግሌው ጉሮሮ ወጣ። አንኮራፉ። በምላጩ ሥር ጉሮሯቸው ሲርገበገብ እየተሰማው፣ እንባው ዓይኑ ላይ እንደሞላ መላጨቱን ጨረሰ።

ልክ ያኔ አሠልጣኙ ከመንገዱ ተመልሶ በሩን ሞላው።

«ጋሼ! ባለፈው የጀመርኩልዎት ነገር ነበር—»

«ሽሽሽ!» አለ አስተኚው በሹክሹክታ። «ተኝተዋል። ቀስ ብለህ ንገረኝ።» ምላጩን ጠርጎ አስቀመጠና ስፖንጁ የወጣው ወንበር ላይ አረፍ አለ።

አሠልጣኙ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ፎቶግራፉ ላይ ጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። «ለልብ ጥሩ ነው ብዬዎት ነበር፤ ግን ካፌይኑን ይጠንቀቁ ልልዎት ነበር። በተለይ በእጅዎ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ...» ብሎ ብዙ፣ እውነትም ጠቃሚ ነገር፣ ከልቡ አስረዳ። ጨርሶ ዞር ሲል አስተኚው ሽርጡን እንደታጠቀ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ከሽማግሌው ጋር እየተቀባበሉ ያንኮራፋሉ። አሠልጣኙ ምድጃውን አጠፋላቸው፣ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ዝግ» ወደሚለው ገለበጠና ፀጉሩን ሳይቆረጥ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ።