በእኔ ድምፅ የሚደውለው ስልክ

ክሊኒካችን ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ፣ ሃያ ስድስት ጁን የሚባለው ሰፈር ነበር። በአንድ ጎኑ አዲስ ባለመስታወት ፎቅ ይሠራል፤ በሌላው ጎኑ ጣሪያውን ጦርነት የወሰደው ቤት ግድግዳው ብቻ ቆሟል። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ሶማልኛውም አማርኛውም አይቸግረኝም፤ ሶማልኛ የማይችሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሲመጡ ነርሶቹ ፊት የማስረዳላቸው እኔ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ወረፋ የሚያፈርስ ሰው ካየሁ አልምርም።

ዶክተሩ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ስላደጉ ግን አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። አዲስ መሣሪያ ነፍሳቸው ነው። አንድ ጊዜ በየጠዋቱ ለእርጉዞች በራሱ የሚደውል ኮምፒውተር አስገቡ፤ ክኒን ዋጡ፣ ቀጠሮ አትርሱ እያለ የሚያስታውስ። ለአማርኛው የእኔን ድምፅ ሊቀዱ መረጡ።

«ወረቀት እንደሚያነብ ሰው አትሁኚ» አሉኝ። «ጎረቤትሽን እንደምታናግሪ አድርጊው።»

እኔም እንደ ጎረቤት አደረግሁት። «አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ብዬ ዝም አልኩ። እኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይመለስ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። መልሱ የሚፈጀውን ያህል ቆየሁና «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «ቤቱስ፣ ጤናሽስ?» ብዬ ደግሞ ዝም፤ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ»። ከዚያ ወደ ክኒኑ ገባሁ። ዶክተሩ መልሰው ሲሰሙት ሳቁ። «ወላሂ፣ ማሽን አይመስልም!» አሉ። ሁለታችንም ደስ አለን።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ያስፈራኝ ጀመር። ገበያ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፄን ሰምታ ትከሻዬን ሳመች። «ስለ እናቴ ያልኩሽን በትዕግሥት ስላዳመጥሽኝ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። ስለ እናቷ ምንም አላውቅም። ሌላዋ ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ መውረጃዬን ስነግር ዘወር ብላ አየችኝና፣ ገመናዋን እንደያዘ ሰው አፍራኝ አቀረቀረች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ሳቅኩ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ግን አሁን በስንት ቤት እንዴት አደርሽ እያልኩ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ከሚደወልላቸው አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። የወሎ ልጅ ናት፤ ዳሚ ሰፈር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ትኖራለች፤ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ባሏ በርበራ ወደብ ነው የሚሠራው። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ይህ ሦስተኛው እርግዝና ስምንተኛ ወሩን ሲይዝ ከእሷ ይልቅ እኔ ቀን እቆጥር ነበር። እሷ ግን ስትፈራ እንኳ ድምፅ የላትም፤ ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው መልሷ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ስወጣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ ጥላ ሥር ሆዷን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ምነው እህቴ?»

«ያው ጠዋት እንደነገርኩሽ ነው» አለችኝ። «ከትናንት ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ተኝቶ ነው መሰለኝ። አንቺ አልሐምዱሊላህ ስትዪኝ ልቤ አረፈ፤ ወደ ሥራ ወጣሁ።»

ክው አልኩ። ልጄ አይንቀሳቀስም ብላ ነግራኛለች፤ እኔም አላህን አመስግኛለሁ። ያለሁበትን ረሳሁት። ታክሲ አስቁሜ እየገፋሁ አስገባኋት። ለምን እንደምቸኩል አልገባትም፤ «ጠዋት እኮ ተረጋግተሽ ነበር» ትለኛለች።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሩ ወዲያው አልትራሳውንድ ላይ አስተኟት። መጋረጃው ተዘጋ። መሣሪያውን በሆዷ ላይ ወዲህ ወዲያ አመላለሱት። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ትር ሲል አየሁ፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ትር ይላል። ዶክተሩ ጓንታቸውን ሳያወልቁ በራሳቸው መኪና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት። በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ወጣ፤ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ግን ሕይወት ያለው።

ልጠይቃት ሆስፒታል ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ማሽን ነው፣ ድምፄ ብቻ ነው፣ ያልሽውን አንድም ቀን አልሰማሁም አልኳት። ለእኔ ነግሬያለሁ ያለችውን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። ባሏ ብር መላክ ማቆሙን፣ ሌሊት ሌሊት የጨነገፉት ልጆች እንደሚታዩዋት፣ ለማንም ያልተናገረችውን ሁሉ ለዚያ ስልክ ተናግራለች።

«ታዲያ ያን ሁሉ የሰማኝ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዶክተሩ ቅጂውን ደምስሰው እንደ አዲስ አስቀዱኝ። አሁን መጀመሪያ የምለው «ይህ ማሽን ነው፤ አይሰማሽም፤ ካመመሽ ነይ» ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ስልኩን ማንሳት ተዉ። አንዳንዶቹ ተቀይመውኝ እስከ ዛሬ ገበያ ሲያዩኝ መንገድ ይለውጣሉ።

እሷን ከወራት በኋላ ዳሚ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘኋት፤ ልጁን አዝላዋለች።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

ሰላምታዬን አልመለሰችም። አፌን አፌን እያየች፣ ረጋ ብላ «ቤቴ ተቃጠለ» አለችኝ።

«ምን? መቼ? ያ አላህ! ልጁ ምንም አልሆነም?» ዘንቢሌ ከእጄ ወድቆ ድንቹ ተበተነ፤ ክንዷን ጨምድጄ ይዣት ነበር።

ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀችው።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለች። «ምንም አልተቃጠለም። አንቺ መሆንሽን ላውቅ ብዬ ነው።»