ሁለት ሲባጎ

ፖሊሶቹ መቱ ከተማ ያለችውን የእንጨት ሥራ ሱቄን ከላይ እስከ ታች ፈትሸው ያገኙብኝ ማስረጃ ሁለት ቁራጭ ሲባጎ ነበር። መጋዝ ነበረኝ፣ መጥረቢያ ነበረኝ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ መዶሻም ነበረኝ። እነሱን ትተው ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተሰቀሉትን ሲባጎዎች በላስቲክ ጠቅልለው ያዙ። እኔንም አብረው ወሰዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሬሳ ሣጥን ስሠራ ሟቹን በሜትር አልለካም። ሙያውን ያስተማሩኝ የጎሬ ሽማግሌ በሲባጎ ለክተው፣ ቁመቱ ላይ ቋጥረው፣ እስከ አርባ ቀን ሚስማር ላይ ይሰቅሉት ነበር። «የሰው ልክ መንገድ ላይ አይጣልም» ይሉኝ ነበር። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነኝ። በአርባም በተዝካርም አላምንም። እጅ ግን የለመደውን አይተውምና እሰቅላለሁ።

በዚያ የጭንቅ ዓመት ከተሰቀሉት ሁለቱ አንዱ ግጭት ላይ የሞተ የሚሊሻ ልክ ነው፤ ሣጥኑን ያዘዘኝ እድሩ ነበር። ሌላው በዚያው ሳምንት የተገደለ፣ ጫካ ከገቡት ጋር የነበረ ልጅ ልክ ነው። የእሱን ያዘዙኝ እናቱ ናቸው። ከሶር ወንዝ በኩል በእግራቸው መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። «ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ፤ «በጆንያ እንዳልቀብረው እርዳኝ።» ማልቀስ እንኳ ፈርተው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ቤታቸው ሄጄ ለካሁ፤ ሣጥኑንም በጠራራ ፀሐይ አስረከብኩ። ያየ ሰው ተናገረ።

ያስገቡኝ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጎን ለጎን ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም። ጥጉ ላይ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰውዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሚሊሻ ናቸው፤ በወንድማቸው ቀብር ግርግር መሣሪያቸው ጠፍቶባቸው ነው የታሰሩት።

«በምን ገባህ?» አሉኝ።

«በሣጥን ነው፣ ጋሼ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የእናትየዋን ስም ግን አላነሣሁም። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ወንድሜን ከገደሉት አንዱን በዋንዛ ጣውላ ቀበርከው?»

ያን ጊዜ ማን መሆናቸው ገባኝ። «የወንድምዎንም ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣውላው ከአንድ ግንድ የወጣ ነው» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከስንቄም አልቀመሱም። የእሳቸው ቤተሰብ ያለው ራቅ ብሎ ኡካ ከተማ ስለሆነ ስንቅ የሚመጣላቸው አልፎ አልፎ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም እንድትልክ ባለቤቴን ነገርኳት። ግማሹን እተውላቸዋለሁ፣ እንጀራው እዚያው ይደርቃል። ጠላትህን ውደድ ብዬ ስንት እሑድ ሰብኬ ነበር! አምስተኛው ቀን ላይ ግን በልቤ ሰድቤያቸዋለሁ፤ አልደብቅም።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ሣጥኑን ያዘዘችህን ሴት ስሟን ንገረኝና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ።

«ስማቸውን አውቃለሁ። አልናገርም።»

«አላውቅም ብትል እኮ ይቀልህ ነበር።»

«ይቀለኝ ነበር። ግን ውሸት ነው።»

ሳቀብኝ። ፈርቼ ነበር፤ አፌ ግን ታዘዘልኝ። ለእኔ ያ በቂ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መርማሪው ሁለታችንንም አንድ ላይ አስጠራን። ሲባጎዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ወደ እሳቸው ዞሮ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሶር አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሰው ነዎት፤ ልጁን የወለደችውን አያጧትም። ስሟን ይንገሩኝና አሁኑኑ ይውጡ። የወንድምዎ አርባም ነገ ነው።»

የእኔ ዝምታ ለሴትየዋ ምንም እንደማይፈይድ ገባኝ፤ እናትየዋን ይዘው ለማምጣት የቀረው የእኚህ ሰው አንድ ቃል ብቻ ነው።

እሳቸው ግን ሲባጎዎቹን ያያሉ። «የወንድሜ የቱ ነው?» አሉኝ።

ጠቆምኳቸው። አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ወደ ላይ ሳቡት፤ ቋጠሮው ግንባራቸው ላይ ደረሰ። ከዚያ ሌላውን አነሡና እንደዚያው ሳቡት። ቋጠሮው ትከሻቸው ላይ ቀረ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ስድስት» አልኳቸው።

ሲባጎውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። የወንድማቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት፤ መርማሪውም አልከለከላቸውም። «ሴትየዋን አላውቃትም» አሉ።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጡ። «አንተ መዋሸት አትችልበትም፤ እኔ ዋሸሁልህ። እኔ የንስሐ አባት አለኝ» አሉኝ።

በማግስቱ፣ በአርባው ቀን፣ ባለቤቴ የላክሁባትን ዳቦ ይዛ መጣች። በፕላስቲክ ጆግ ውኃ ይዤ ፊታቸው ቆምኩና እጃቸውን አስታጠብኳቸው።

«አንተ በአርባ አታምንም» አሉኝ።

«አላምንም። ዳቦ መቁረስ ግን አያቅተኝም፣ ጋሼ።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያውም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቆምን፤ እሳቸው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ እኔም ያንኑ ጸሎት በኦሮምኛ ተከተልኩ። በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ ኮፍያውን አውልቆ እስክንጨርስ ጠበቀን። ከዳቦው ለእሱም ደረሰው።

እሳቸው ሌላ ወር ተቀምጠው ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። እናትየዋ አንድም ቀን አልተጠየቁም። ዛሬም በገበያ ቀን በሱቄ ሲያልፉ መቃኑን በመዳፋቸው ነካ አድርገው ይሄዳሉ።

ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ ተነሥቼ ይህን አወራለሁ። «አውቃለሁ፣ አልናገርም» ያልኩበት ላይ ስደርስ ወጣቶቹ ያጨበጭባሉ። ቆይ፣ ገና ነው እላቸዋለሁ። ሴትየዋን ከእስር ያዳነው የእኔ ቃል አይደለም። ወንድማቸው የሞተባቸው አንድ ሰው አርባውን ትተው ቆሻሻ መጋዘን ውስጥ ለመቀመጥ መረጡ። ባለመዋሸቴ እኮራለሁ፤ በእሳቸው ውሸት ግን የበለጠ እኮራለሁ።

ፓስተራችን ይህን አባባል አይወደውም። እኔም የምለውጠው አይደለሁም።