ሄሊኮፕተሬ ግሪሳ ያባረረችበት ጠዋት

የምኖረው ሸዋሮቢት ነው፤ እንጀራዬም የባጃጅ ኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ሱሴ ግን ሌላ ነው። እህቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ለልጆቼ ያመጣችላቸውን በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር ከልጆቹ ቀምቼ የራሴ ካደረግኳት ቆይቻለሁ። ሚስቴ "ጢምህ ሸብቶ በአሻንጉሊት ትጫወታለህ? ኧረ አላህን ፍራ!" ትለኛለች። እኔም "አሻንጉሊት አይደለችም" እላታለሁ። ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ሄሊኮፕተሯ ለአሻንጉሊትነትም አትበቃም ነበር። የድሮው ሞተሯ እንደ ባጃጅ ማስነሻ ሞተር በካርቦን የሚሠራ ነው። ካርቦኑ ከሚሽከረከረው መዳብ ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ ይሸታል፣ ተበልቶም ያልቃል። በእኛ ሙቀት ላይ ደግሞ አስቡት! ትንሽ ከፍ እንዳለች ይደክማትና እየተንገዳገደች ትወርዳለች። አጥር መዝለል እንኳ አቅቷት ስንቴ በሰው ፊት አዋርዳኛለች።

የእናቴ ወንድም ከጀውሃ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ማሽላ ያርሳሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ አካባቢ በወንጭፍ የሚወዳደራቸው አልነበረም። ወንጭፍ ደግሞ በእኛ ቆላ ቀልድ አይደለም። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ አንዷን ለብቻዋ ብታዩዋት ከድንቢጥ የማትበልጥ ሚስኪን ወፍ ናት። መንጋው ሲመጣ ግን ሰማዩ ይጠቁራል። አንድ ማሳ ላይ ካረፈ ቁርስ ሳይደርስ የሚተርፈው ባዶ አገዳ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በየማሳው ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ጎህ ሲቀድ እሱ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጅራፍ ይከላከላል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ የአጎቴ ቀኝ ክንድ ከትከሻ በላይ አልነሳ ብሏል። ከግመል ወድቀው ነው። ለማንም አልተናገሩም።

"ጋሼ፣ ለጎረቤት ለምን አይነግሩም?" አልኳቸው።

"ክንዴ ከዳኝ ብዬ ልለምን? እኔ?" ብለው ተቆጡ። "ሰዉም የየራሱ ማሳ አለው። ተወኝ!"

ያ ማሽላ የዓመት ቀለባቸው ነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ጠባቂ ካላገኘ በአንድ ጠዋት እንደሚያልቅ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ወንጭፍ ሳነሳ ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ነው የሚሄደው፤ የአጎቴ በሬዎች እንኳ ይሸሹኛል። ወደ ከተማ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ሄሊኮፕተሯ ነበር። ብቻ ጉልበት ያለው ሞተር ባገኝላት!

ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ካሜራማን ወዳጅ አለኝ። ካራቆሬ ላይ ሙሽሮቹን ከላይ አነሳለሁ ሲል ድሮኑ የመብራት ሽቦ መትቶ ተሰባብሮበት ነበር። ሞተሮቹ ግን ደህና ነበሩ። ጉዳዩን ስነግረው አንዱን ሞተር ከነመቆጣጠሪያ ሰሌዳው፣ ከነባትሪው "ውሰደው" አለኝ። ብራሽለስ የሚሉት ሞተር ነው፤ ካርቦን የሌለው።

ሱቄ ውስጥ ከፈትኩት። ወላሂ ደነገጥኩ። ውስጡ እርስ በርሱ የሚነካካ ነገር የለም! መዳቡ ባለበት ተጠምጥሞ ቁጭ ብሏል፤ ማግኔቱ በዙሪያው ይዞራል። በመካከላቸው ወረቀት የማያሳልፍ ክፍተት አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የተበላ ካርቦን ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሱብሃነላህ! መዳቡ ማግኔቱን ሳይነካው ይጠራዋል፣ እሱም እሺ ብሎ ይከተለዋል። የዚያን ቀን ሁለት ባለባጃጆች ተቆጥተውኝ ሄዱ፤ አልሰማኋቸውም።

ትንሿን ባለጥርስ ማርሽ ከአሮጌው ሞተር አውጥቼ በአዲሱ ዘንግ ላይ አጠበቅኩ። ሞተሩ የሚወጡለት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ከሰሌዳው ጋር በየድኩ። ስሞክራት በመነሳት ፈንታ ጠረጴዛውን ተጭና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ክንፎቿ ወደ ተቃራኒው እየዞሩ ኖሯል። ቆሽቴ አረረ! ባጃጅ ላይ ባለካርቦኑ ሞተር ወደ ኋላ ከዞረ የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ትገለብጣለህ፣ አለቀ። እጄ በልማዱ ወደ ባትሪው ሽቦ ሄዶ ነበር። አላህ አወጣኝ እንጂ ያንን ብገለብጠው ሰሌዳው እዚያው ጭስ ይሆን ነበር። ለካስ ለዚህኛው ከሦስቱ ሽቦዎች የፈለግከውን ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ነው የሚበቃው። አቀያየርኳቸው።

ግቢ አወጣኋትና ሪሞቱን ገፋ አደረግኩ። ተነሳች ልበል? ተወረወረች እንጂ! ከቆርቆሮው በላይ፣ ከማንጎው ዛፍ በላይ ወጥታ እንደ ጭልፊት አየሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ልብስ የምታሰጣው ሚስቴ ቀና ብላ "ያ ረቢ!" አለች፤ እርጥቡ ጨርቅ እጇ ላይ ቀረ። ካወረድኳት በኋላ ሞተሩን በጣቴ ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ደስታዬን የት ላድርገው!

ሳልውል ሳላድር ወደ አጎቴ ወረድኩ። በዚህ ዘመን ሰው ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ አይወድም፤ ስለዚህ አጎቴ ማምሻውን በየጎረቤቱ ዞረው ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ተናገሩልኝ። ጎህ ሲቀድ አብረን ማማው ላይ ወጣን።

ከዚያ መጡ። ሺህ ነው፣ እልፍ ነው፣ እኔ እንጃ። ሰማዩ ላይ አንድ ላይ ይታጠፋሉ፣ አንድ ላይ ይዘረጋሉ፤ ሲዞሩ የክንፋቸው ድምፅ ደረት ይነካል። ጠላት መሆናቸው እየጠፋኝ ፈዝዤ አየኋቸው። ሪሞቱን ላነሳ ስል አጎቴ በግራ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ! መጀመሪያ እንጣራ!"

በእኛ አገር ወፍ ዝም ብሎ አይባረርም። ከማሳህ ያስነሳኸው መንጋ የሚያርፈው ጎረቤትህ ላይ ነውና አስቀድመህ ትጣራለህ፤ እሱም ለሚቀጥለው ይጣራል። መንጋው እንዲህ ከማማ ማማ እየተላለፈ ከወንዙ ማዶ ጫካ ይገባል። አጎቴ አንገታቸውን መዘዝ አድርገው "መጡብህ! ተቀበል!" ብለው ጮኹ። መልሱ ከየማማው እየራቀ ሄደ።

አስነሳኋት። ያ ሁሉ ሰማይ ከአንዲት ነገር ሸሸ! መንጋው ማሽላውን ሳይነካ ወደ ላይ ተገለበጠ። እሷ ከኋላው፣ ጅራፉ ከየማማው፣ ሰው በጩኸት። የአጎቴን ማሳ ለቀቀ፤ "አልሃምዱሊላህ!" ብዬ ልመልሳት ስል ሪሞቱ ጮኸ። ባትሪው እያለቀ ነው።

"ድንበር ላይ አታቁማት!" አሉኝ አጎቴ።

"ጋሼ፣ ከዚህ ካለፈች አትመለስም!"

"እዚህ ከመለስካት መንጋውን የሰው ማሽላ ላይ ማውረድህ ነው። የእኔ ተርፎ የሰው ሊበላ ነው?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ለራሳቸው ክንድ ያልለመኑ ሰው ለሰው ማሽላ ይለምኑኛል። ገፋኋት። በየማሳው ላይ አለፈች፣ ነጥብ አከለች፤ መንጋው ወንዙን ተሻግሮ ጫካው ውስጥ ሲበተን እሷ ወንዙ መሃል ወደቀች። ልቤም አብሮ ወደቀ።

"አላህ ይተካልህ" አሉኝ አጎቴ።

ግሪሳ ግን አንዴ ተባርሮ አይቀርም። ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ እናውቃለን፤ እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን ነን። ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ እኛ ማማው ላይ እንዳለን፣ ማሳው ከሁሉ መጨረሻ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ያለ ጎልማሳ ጎረቤት ወንጭፉን አንግቶ መጣ። አጎቴ ሲያዩት ተሽቀዳድመው የራሳቸውን ወንጭፍ አነሱና ክንዳቸውን ሊሰነዝሩ ሞከሩ። ሕመሙ ፊታቸውን አጨማደደው።

"ጋሼ፣ ይተዉት" አላቸው ጎረቤቱ ከታች ሆኖ። "ክንድዎ እንዳመመዎ ካወቅን ሰንብተናል። ይቆጡናል ብለን ነው ዝም ያልነው። ጠዋት ግን ወንዝ የገባችው ለእኔ ማሽላ ነው። ተነጋግረናል፤ እስኪታጨድ ድረስ በየተራ እርስዎ ጋ ነን። የዛሬው ተራ የእኔ ነው።"

መልስ ሳይጠብቅ መሰላሉን ወጣ። የአጎቴ ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ማማው ላይ ፈቀቅ ብለው በቀኛቸው በኩል ቦታ ለቀቁለት።