ለተዝካር የታረደው ቆርቆሮ

በዚህ ነገር ያለንበት የሟቹ አጎቴ ልጆች ታደሰና አያሌው፣ ሱቅ ያሠሩን የአርብ ገበያው ነጋዴ አቶ ሰይድ፣ የግንበኞቹም አለቃ እኔ ነን።

አጎቴ ቤት በኮንትራት ይሠሩ ነበር። የእያንዳንዱን ሥራ ቅድሚያ ክፍያ በየራሱ ከረጢት አድርገው የቤታቸው ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል፤ ለሌላ ጉዳይ አንድ ሳንቲም አይነኩም። አንድ ዓመት ሚስታቸው የጥምቀት ቀሚስ ቢጠይቋቸው፣ «ይህ የቤቱ ነው፤ ቤቱን ለምኚ» አሏቸው።

«ቤቱማ አፍ የለው! አፍ ያለዎት እርስዎ!»

ጥምቀት በአሮጌው ቀሚስ አለፈ።

አጎቴ በዐቢይ ጾም አረፉ። የአቶ ሰይድ ሱቅ ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ የቀረው ቆርቆሮ ነው፤ መግዣውም ተሰቅሏል። ልጆቻቸው ከፋሲካ በኋላ ለተዝካሩ በሬ ገዙበት፤ ጠላ ጠመቁበት።

«ተዝካሩ አንሶ አገር ይሳቅብን? ከሚቀጥለው ሥራ እንተካዋለን» አለኝ ታደሰ።

ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ዕድሜ ልካቸውን ያልነኩትን ገንዘብ በስማቸው በላነው። «በላነው» ያልኩት እኔም ስለ በላሁ ነው፤ ባዶውን ምሰሶ እያየሁ ጎረስኩ፤ አፌን ግን ለመናገር አልከፈትኩም።

ኮንትራት የምትይዙ ልጆቼ፣ የሚቀጥለው ሥራ ገንዘብ የዚያው ቤት ነው። ደግሞም ሥራው አልመጣም። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጣራ የሌለውን የጭቃ ግድግዳ ጣለው።

ለአቶ ሰይድ የቆርቆሮውን አራት መቶ ብር በሬዎቻችንን ሸጠን መለስን። ግድግዳውን እንደገና ለማቆም ሁለት መቶ ሃምሳ ወጣ። እሳቸውም ክረምቱን ለዕቃቸው መጋዘን በስድሳ ብር ተከራዩ። ያ የአንድ ቀን ድግስ ሁላችንንም ሰባት መቶ አሥር ብር አስወጣን።