ከእህቴ አፍ የጻፍኩት መጽሐፍ

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዝናቡ ከቀትር በፊት ስላባራ እህቴ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈችና መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እኔም ደብተሬን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። አምስተኛው ደብተር ነበር።

አሠራራችንን ልናገር። እህቴ ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ወደ ከተማችን ሐይቅ ስትመለስ፣ ከሻንጣዋ አንድ ወፍራም የዓረብኛ የልጆች መጽሐፍ ወጣ። ፊደሉን ድሮም ከቁርዓን ቤት ታውቀው ነበር፤ ትርጉሙን ያስተማሯት ግን የዚያ ቤት ልጆች ናቸው፣ «አንብቢልን» እያሉ። እዚህ ከገባች በኋላ ታሪኩን ለሰፈራችን ልጆች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር። ኋላ መጻፍ አለበት አለች። የእሷ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፣ በጽሕፈቷ ራሷ ትስቅ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ስለዚህ እሷ መጽሐፉን እያየች በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ታሪኩ ነፋሶች እንደ ከብት በረት ውስጥ ስለሚታጎሩበት አገር ነው። አንዲት ልጅ ከሁሉም ትንሿን ነፋስ ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ታመልጣለች፣ ነፋሷ ወደ ተወለደችበት ተራራ ልታደርሳት።

የጻፈችው ሴት ከሞተች ቆይታለች። የሩቅ፣ የብርድ አገር ሰው ናት፤ ዓረብኛው ትርጉም ነው። በመግቢያው ላይ ስለ ኑሮዋ ሁለት ገጽ አለ፤ እህቴ ከታሪኩም ይበልጥ እሱን ነበር ደጋግማ የምታነበው። ሴትዮዋ በወጣትነቷ ሰው ቤት ልጅ ጠባቂ ነበረች። ታሪኩን መጀመሪያ የነገረችው እንቅልፍ እምቢ ላላቸው የአሠሪዎቿ ልጆች ነው። መጻፍ የጀመረችው ከሸበተች በኋላ ነው። እህቴ «እሜቴ» ትላት ነበር፣ እንደ ጎረቤት። «እሜቴም እንደኔ የሌላ ሰው ልጅ ጫማ አስራለች» ትለኛለች።

መጽሐፉ ላይ ልጅቷ ባቡር ትሳፈራለች። እህቴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ አደረገችው፣ ከነረዳቱ ጩኸት። ተራራውንም አምባሰል አደረገችው፤ እናታችን የዚያ ልጅ ናት።

«ኧረ እታለም፣ መጽሐፉ እንዲህ አይልም።»

«አንተ ቃሪው! ገብቶህ ነው?»

ቃሪው፣ ቁርዓን አንባቢው፣ ያለችኝ ወዳ አይደለም። እኔም ቁርዓን ስለቀራሁ ዓረብኛ አነባለሁ፤ ግን አይገባኝም። አንድ ቀን እሷ ሽንኩርት ስትልጥ መጽሐፉን አነሳሁና፣ ሌላ አነባበብ ስለማላውቅ፣ እንደ ቁርዓን እያዜምኩ አንድ ገጽ ሙሉ አነበብኩ። ከአጥሩ ማዶ ደጇን የምትጠርገው ጎረቤታችን መጥረጊያዋን ጥላ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ስጨርስ «አሚን!» አለች። እህቴ በሳቅ ከነቢላዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያነበብኩት አንዲት ዳክዬ ከወጥ ቤት ቂጣ የሰረቀችበትን ቦታ ነበር።

«አላህ ይቅር ይበልህ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሴትዮዋን ለዳክዬ ዱዓ አስደረግካት!»

ረቡዕ ዕለት የቀረን አንድ ምዕራፍ ነበር። ልጅቷ ተራራው ሥር ደርሳለች፤ የነፋስ እረኞቹም ከኋላዋ ናቸው።

«እንጨርሰው?» አለች።

«እጄ ዛለ። ነገ ይሁን።»

«አብሽር፣ ነገ።»

ከዚያ ዓሣ ጠበሰች፣ በላን። ሌላ ምንም አልነበረም። ትልቁን ዓሣ ለኔ ሰጠችኝ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ልቧን ያማት ነበር፤ መድኃኒቷንም ትወስድ ነበር። ሐሙስ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት እናቴ ልትቀሰቅሳት ገባች። አልተነሳችም። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

ከቀብር ስንመለስ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ የለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። «ነፋሷን ያዟት?» አለችኝ። እናቷ ደንግጣ አፏን ያዘቻት። እኔ ግን አልከፋኝም። መልሱን ስለማላውቅ ነው ያፈርኩት። ያ ምዕራፍ እጄ ላይ አለ፣ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም።

አልቅሻለሁ። ግን ሳስበው ማመስገን ይቀድመኛል። ስድስት ዓመት በስልክ ድምፅ ብቻ የማውቃት እህቴ ሁለት ክረምት አጠገቤ ተቀምጣ አወራችኝ። አልሐምዱሊላህ። እሜቴንም አመሰግናታለሁ። እሷ ባትጽፍ ኖሮ እኛ ምን ብለን እንዲህ እንቀመጥ ነበር? እህቴ ስላየችው ችግር ብዙ አትናገርም ነበር። ስለ ነፋሷ ስትነግረኝ ግን አንዳንዴ ድምፅዋ ይለወጣል። ያኔ ሳላቋርጣት እጽፋለሁ።

ዓርብ ጠዋት መጽሐፉንና ደብተሩን ይዤ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ቁርዓን ያስቀሩኝ ሸህ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

«ሸሆቼ፣ ይቅርታ... ተረት ነው። የልጆች። እህቴ እየተረጎመችልኝ አንድ ምዕራፍ ቀረ።»

በለቅሶ ቤት ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ገጽ በዝምታ አነበቡ።

«ይህች ነፋስ ትናገራለች እንዴ?»

«አዎ።»

«ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለሰፈሩ ልጆች። እሷ ጀምራላቸው ነበር።»

«እንግዲያ ጻፍ» አሉና እንደ ሃይማኖት ኪታብ ይተረጉሙልኝ ጀመር። «ብላቴናይቱም ወደ ተራራው ከፍታ ወጣች።»

ጻፍኩት። ከዚያ ሰረዝኩትና «ልጅቷ ዳገቱን ተያያዘችው» አልኩ። ሸሁ ጎንበስ ብለው አዩት።

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አዎ፣ ሸሆቼ። እሷ ግን...»

«ይሻላል። ቀጥል።»

ለቅሶ ደራሽ ሲገባ እናቆምና እጃችንን ለዱዓ እንዘረጋለን፤ ሲቀመጥ እንቀጥላለን። አንዳንዱ ሰው ምን እንደምንሠራ ሳያውቅ ጠጋ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ሸሁ ለጁምዓ ሊነሱ ሲሉ ነፋሷን ተራራዋ ላይ አደረስናት። ደብተሩን ይዤ የጎረቤታችንን ልጅ ልጠራ ወጣሁ።