ፊርማው አልተረጋገጠም

ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የዚያን ዕለት አዲስ ፕሪንተር አመጣሁና ከኮምፒውተሬ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር ጫንኩ። «ተጭኗል» ይለኛል፤ ላትም ስል ግን «የአምራቹ ፊርማ አልተረጋገጠም» ብሎ እምቢ ይላል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ድራይቨሩንም አራት ጊዜ እንደ አዲስ ጫንኩት። ከአማኑኤል ከተማ የመጡ አንዲት እናት ይግባኛቸውን እየጠበቁ ነው፤ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፣ መዝገብ ቤቱም ሊዘጋ ነው።

«የማንን ፊርማ ላምጣልህ፣ አንተ እርጉም!» ብዬ ማሽኑ ላይ ጮህኩ።

እናትየዋ ደንግጠው፣ «ልጄ፣ ይግባኙ ላይ የዛሬውን ቀን አስገብተሃል?» አሉኝ።

ቀኑን ለማየት ወደ ስክሪኑ ጥግ ስዞር ነገሩ ገባኝ። ማመልከቻዎቼ ላይ በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣልኝ ብዬ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔው ነኝ። በእሱ ቀን የአምራቹ ፊርማ ገና አልተፈረመም!

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩት፤ ወረቀቱ ወዲያው ወጣ። እናትየዋ ነጥቀውኝ እየሮጡ ሄዱ።

ወረቀቱን እንደያዙ ተመለሱ። «ዘግተዋል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንተስ ደከምክልኝ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው መረቁኝ።

እኔም፣ «አሜን» አልኩ።